የሚኒባሱ መርዶ

ሚኒባስ በዱቤ ገዝታ የምትነዳ አንዲት ሴት ነበረች። የዱቤ ሰጪው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ አቶ ባንተይርጋ፣ መስታወቱ ላይ አንዲት ጥቅስ እንኳ ስትለጥፍ ባዩ ቁጥር፣ «ክፍያው እስኪያልቅ መኪናው የእኛ ልጅ ነው፤ አንቺ ሞግዚት ነሽ!» እያሉ ጥቅሱን ያስነሷት ነበር።

አንድ ቀን ሞተሩ ነከሰና ቀጥ አለ። ለጋራዥ የምትከፍለው ስላልነበራት፣ ውሉ ይፍረስና መኪናውን ልመልስ ብትል፣ አቶ ባንተይርጋ «አሠርተሽ ካላመጣሽ አልረከብም፤ ውሉም አይፈርስም!» አሏት።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የዕድሯ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሚኒባሱን እየገፉ አቶ ባንተይርጋ ደጃፍ ደረሱ። ጥሩምባ ተነፋ። አቶ ባንተይርጋ በፒጃማ ወጥተው፣ «ኧረ ማን ነው የሞተብኝ?» ብለው ደረታቸውን ያዙ።

«እግዜር ያጥናዎ ጋሼ፤ ልጅዎ ሚኒባሱ አርፏል» አለች ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ። «ሞግዚት መርዶ ታረዳለች እንጂ ቀብሩ የወላጅ ነው።»

«አልሞተም!» ብለው ጮኹ አቶ ባንተይርጋ። «ሞተሩ ወርዶ ከታደሰ ይነሣል!»

ዕድርተኛው እልል አለ። ሴትዮዋም ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኑራ፣

«እሰይ፣ እንኳን ማረልዎ!» አለች። «የታመመ ልጅ የሚያሳክመው ወላጁ ነው። ሞግዚቷ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሥራ ለቃለች።»