በጀልባው ዳር ፈቃድ የጠየቀው አማች

እስቲ ልባችሁን ሰብስቡልኝና አንድ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ሰው ነበር። በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲያዞር ኖሮ ጡረታ የወጣ ያገራችን ሰው ነው። የተከበረ ሰው ነው፤ ሲናገር ሌላው ዝም የሚልለት።

ጡረታ በወጣ ሰሞን "በዚህ ጀልባ በሚሄድበት ቦይ ዳር ስመላለስ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ ውሃው ላይ ሳልወጣ ልሞት ነው?" አለና ለአንድ ቀን ጀልባ ተከራየ። ሚስቱ ወይዘሮ ትርፌ "አንተ ሰውዬ፣ ዋና እንኳ አታውቅ!" ብላ ሳቀችበት። ግን አብራው ሄደች። የልጃቸው ባል ዳኛቸውም ሊያግዛቸው ሄደ።

ጀልባ ስላችሁ የጣናውን እንዳታስቡ። ይኼኛው እንደ ባቡር ፉርጎ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ውስጡ ምድጃ አለው፣ መኝታ አለው። በፋብሪካ ጀርባ፣ በድልድይ ሥር፣ ፌስታልና ጠርሙስ በሚንሳፈፍበት ጥቁር ውሃ ላይ፣ ሰው በእግሩ በሚሄደው ልክ እያዘገመ ይሄዳል።

መሬቱ ቁልቁለት ሲሆንስ? የውሃ ደረጃ ተሠርቶለታል። ደረጃው ከፊትና ከኋላ በር ያለው የግንብ ጉድጓድ ነው። ጀልባው ጉድጓዱ በውሃ ሞልቶ ሳለ ይገባል፤ የኋላው በር ይዘጋል፤ አንድ ሰው ግንቡ ላይ ቆሞ በብረት እጀታ የፊተኛውን በር የውሃ መክፈቻ ያዞራል። ውሃው ይፈስሳል፣ ጀልባውም ከውሃው ጋር ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።

ታዲያ አንድ ክፉ ነገር አለው። ከኋላው በር ሥር፣ ውሃ ሲሞላ የማይታይ የግንብ ደፍ አለ። ጀልባው ወደ ኋላ ከቀረ፣ ውሃው ሲጎድል ጭራው ደፉ ላይ ይቀመጣል፣ አፍንጫው ወደ ታች ይደፋል። ለዚህ ነው ግንቡ ላይ ነጭ መሥመር የተቀባው። አከራዩ በጠዋት መሥመሩን አሳይቶ "ጭራው ከዚህ ወደ ኋላ እንዳይቀር። ድንገት ደፉ ከያዘው ግን ቶሎ መክፈቻውን ዝጉት" ብሏቸዋል። ሰውየውም ዳኛቸውም ሰምተዋል።

በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሰውየው ጀልባውን አብዝቶ ነዳና ከፊተኛው በር ጋር አላተመው። ድልድዩ ላይ የቆሙ ሰዎች ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ያንን የፊት በር ሸሸው። በየደረጃው ወደ ኋላ፣ አሁንም ወደ ኋላ።

ምሳ ሰዓት አካባቢ ሌላ ደረጃ ውስጥ ገቡ። ዳኛቸው ግንቡ ላይ ቆሞ አየ። ጭራው ከነጩ መሥመር ኋላ ቀርቷል።

"ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ፊት ቢሉልኝ?"

"አንተ ውሃህን ክፈት። ዕድሜ ልኬን ማሽን ያዞርኩት እኔ ነኝ አንተ?"

ዳኛቸው ፈገግ አለ። ምን ይበል? የሚስቱ አባት ናቸው! ሽማግሌ ልኮ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበት ስሞ ልጃቸውን የወሰደባቸው ሰው ናቸው። "ተሳስተዋል" ይበላቸው? ይሉኝታ የት ሄዶ! "ቀስ ብዬ ብከፍተው ራሳቸው ያዩታል" አለ በልቡ። ስሙኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ጨዋ ሰው ነው። ከፈተው።

ወይዘሮ ትርፌ ጀልባው ውስጥ ምሳ ታሞቃለች።

ብረት ግንብ ላይ ሲፋተግ ተሰማ። ጭራው ተይዟል። ውሃው ይወርዳል፣ ጭራው አይወርድም። ውስጥ ሳህን ወድቆ ሲሰበር፣ ወይዘሮ ትርፌም "ምንድን ነው? ምንድን ነው?" ስትል ተሰማ።

ምን ማድረግ ነበረበት? መዝጋት! እጀታው በእጁ ነው። ማንን ይጠብቃል? እሱ ግን ቀና ብሎ ምን አለ መሰላችሁ?

"ጋሼ፣ ልዝጋው?"

ልዝጋው ይላል! ሴትዮዋ ልትሰጥም ነው፣ እሱ ፈቃድ ይጠይቃል! ሰውየው መሪውን ታቅፎ ይጮኻል፣ በውሃው ጩኸት ምንም አልሰማም። ዳኛቸው መልስ ጠበቀ። ኋላ ሲባንንና ሲዘጋው፣ ውሃው በጀልባው አፍንጫ በኩል ገብቶ ነበር። ሰውየው ግንቡ ላይ ያለውን መሰላል ይዞ ተረፈ። ወይዘሮ ትርፌን የእሳት አደጋ ሰዎች ናቸው ያወጧት። ነፍሷ ወጥታ ነበር።

ለቅሶው ላይ፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ሰውየው አማቹን ጠራው።

"መሥመሩን አይተኸው ነበር?"

"አይቼዋለሁ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልከኝ?"

"ነግሬዎት ተቆጡ። መድገሙን ፈራሁ።"

ይጮኻል፣ ይራገማል ብለው ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። እሱ ግን አልተቆጣም። "እንደምትፈራኝ አውቅ ነበር፤ ደግሞም ደስ ይለኝ ነበር" አለ። ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ አለቀሰ።

ወገኖቼ! "ዝም አይነቅዝም" እንላለን። አይነቅዝም? ወንድምህ ጠጥቶ መኪና ሲያስነሳ አይተህ "ትልቅ ሰው ነው፣ ያውቃል" ያልከው አንተ፣ ዝምታህ አይነቅዝም? እኅትሽ ፊቷ አብጦ ስትመጣ "የባልና ሚስት ነገር ነው" ያልሽው አንቺስ? እኔ ራሴ እዚህ መድረክ ላይ ስስት ሰምታችሁ "አሜን" የምትሉ የላችሁም? አላችሁ! አውቃችኋለሁ።

አንዴ ተናገራችሁ፣ ሰውየው ተቆጣ። በቃ? እግዚአብሔር እጃችሁ ላይ ያስቀመጠውን ነገር ለማዞር የማንን ፈቃድ ነው የምትጠብቁት?

እናንተ ትልልቆች ደግሞ ወደ ልጆቹ ዞራችሁ አትዩ። ለእናንተም ነው። ቤት ስትገቡ ጨዋታው ይቋረጣል? ሚስት ድምፅዋን ትቀንሳለች? ክብር መሰላችሁ እንዴ? እያንዳንዱ ቁጣችሁ አንድ ሰው አፉን እንዲዘጋ አስተምሯል። የሚያይላችሁን ዓይን ራሳችሁ ነው የጨፈናችሁት።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ከሚፈሯችሁ አንዱን ጥሩና "ምን አይተህብኝ ነው ዝም ያልከው?" በሉት። ሲነግራችሁ ቻሉት። ያ ሰው ዛሬ አማቹን ይጠይቀዋል፣ አማቹም ሳይፈራ ይነግረዋል። አሁን በደንብ ይነጋገራሉ። ትርፌ ግን የለችም።