የባለታንኳው ዕርቅ

«አንድ ባለታንኳ ነበረ» አሉ መምህር ይርዳው፤ እንግዳቸው ልመናውን እንደጨረሰ።

እንግዳው የአንድ መድኃኒት መጋዘን ሥራ አስኪያጅ ነው። የመጣው ሽማግሌ ፍለጋ ነበር። አያልነሽ የምትባል ሠራተኛው፣ የክፍል ኃላፊዋ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት አዲስ ቀን እየለጠፈ ያወጣል ብላ ነግራዋለች። ኃላፊው ደግሞ ስሜ ጠፋ ብሎ አኩርፏል። «በዓሉ ሳይደርስ ላስታርቃቸው ብዬ ነው። እርስዎን እምቢ አይሉም። እንዴት ብናደርግ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀ። የመምህሩ መልስ ይህ ነበር።

አንድ ባለታንኳ ነበረ። ሀብታም ነው፤ ክፉ ሰው ግን አልነበረም። በሐይቅ ዳር አሥራ ሁለት ታንኳዎች ነበሩት፤ ሰውና እህል ወደ ማዶው ገበያ ያሻግሩለታል። ታንኳዎቹ ከሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የተሠሩ ናቸው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን የሠራ ታንኳ ሦስት ቀን ዳር ላይ ቆሞ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። ያላረፈ ታንኳ ከውስጥ ይበሰብሳል። ይህን ሥርዓት የሚያስጠብቅ አንድ የታንኳ አለቃ ነበረ፤ ሽበታም፣ የተከበረ፣ ከቀዛፊዎቹ የግማሾቹ የክርስትና አባት።

ይህ አለቃ ታንኳዎቹ በሚያርፉበት ቀን የራሱን ከሰል ያመላልስባቸው ጀመር። ሲበሰብሱ ከላይ አዲስ ደንገል ያለብሳቸዋል። ዳር ቆሞ ለሚያይ ታንኳው አዲስ ነው። ቀዛፊ ግን በክንዱ ያውቀዋል፤ ይከብደዋል፣ አራት ጣት ያህልም ዝቅ ብሎ ይሄዳል።

ከቀዛፊዎቹ አንዱ ነገሩን ይዞ ብዙ ቀን አሰበ። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ ከመቅዘፍ ሌላ ሥራ አያውቅም። በመጨረሻ ወደ ባለታንኳው ቤት ወጥቶ ያየውን ሁሉ ነገረው።

ባለታንኳው አልተቆጣም። በትዕግሥት ሰማውና «ከአለቃው ጋር ምን አጣላችሁ?» አለው።

«አልተጣላንም፣ ጌታዬ።»

«ሳትጣሉማ እንዲህ አትለውም። ንገረኝ፣ ግድ የለህም።»

«ኧረ ክርስትና ያነሳኝ እሱ ነው። እኔ የምለው ስለ ታንኳው ነው።»

ባለታንኳው ራሱን ነቀነቀ። አባትና ልጅ እዚህ ድረስ መራራቃቸው አሳዘነው። በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ጠርቶ ከአንድ ሾላ ሥር አስቀመጠና ሁለቱን አቀረበ። ሾላው ከሐይቁ ዳር ሠላሳ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ታንኳዎቹ ከዚያ ሆነው ይታያሉ።

ቀዛፊው ስለ ደንገል ተናገረ፤ ሽማግሌዎቹ ስለ አክብሮት ተናገሩ።

«አንተ፣ የክርስትና አባትህን? ምን ነካህ?» አለው አንዱ።

«አባቶቼ፣ ታንኳው ያውላችሁ። ከላይኛው ደንገል ሥር እጃችሁን ብትሰዱ ትዳስሱታላችሁ።»

«እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሰላም ይውረድ።»

«ነገ እኮ ሰው ይሳፈርበታል!»

«አየህ፣ ይኸው ነው ችኮላህ» አለ ሌላው ሽማግሌ፤ የቀሩትም እውነት ነው አሉ።

ቀዛፊው ታናሽ ነውና፣ ሽማግሌዎቹ እንዳዘዙት ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በአለቃው እግር ሥር ወደቀ። አለቃው አለቀሰ፤ እንባው የውሸት አልነበረም። አንሥቶ ሳመው። በግ ታርዶ ተበላ። ባለታንኳው ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ወጣ። ሠላሳውን እርምጃ የተራመደ አንድም ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በቀዛፊው ላይ የተደረገ፣ ማንም ሊከሰስበት የሚችል ነገር የለም። ተራው ሲደርስ ሁልጊዜ የሚሰጠው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ታንኳ ነው። አንድን ታንኳ ሁለት ሰው ይቀዝፈዋል፤ ከእሱ ጋር የሚቀዝፍ ግን ታጣ። አንዱን ወገቡን ያመዋል፣ ሌላው ለቅሶ አለበት። ምሳ ሲበላ ክብ ሠርተው የሚያወሩት እሱ ሲቀርብ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ባለታንኳው አንድ ቀን ሲያገኘው «እንዴት ነህ? ከአለቃው ጋር ሰላም ናችሁ?» ብሎ ጠየቀው። «ሰላም ነን» አለ። ከሁለት ወር በኋላ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደማይታወቅበት አገር ሄደ። የሄደበትን ምክንያት ባለታንኳው አልጠየቀም፤ ቀዛፊ ይሄዳል፣ ቀዛፊ ይመጣል።

በሚቀጥለው ክረምት፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ታንኳ ሐይቁ መካከል ላይ ተፈታ። ከነቀዛፊዎቹ ዘጠኝ ሰው ይዞ ነበር፤ አምስቱ በዋና ወጡ። ባለታንኳው በባዶ ራሱ እየሮጠ ወረደ። ውሃው የመለሰውን ደንገል አንሥቶ ቢጨብጠው እንደ ቂጣ ሊጥ በጣቶቹ መካከል ወጣ። ቀዛፊዎቹን ሰበሰበና «ከእናንተ ይህን የሚያውቅ አልነበረም?» አለ።

«ሁላችንም እናውቅ ነበር» አለው አንዱ።

«ታዲያ ምነው አንድ ሰው ቢነግረኝ?»

ቀዛፊዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ጌታዬ፣ እኛ ከማንም ጋር አልተጣላንም» አሉት።

መምህር ይርዳው ታሪኩን እዚህ ላይ አበቁ። ሥራ አስኪያጁ ኮፍያውን በእጁ ያዞር ነበር።

«ልጄ» አሉት ዞረው፣ «ባለታንኳው አንተ ነህ። አያልነሽ የነገረችህ ስለ መድኃኒት ነው፤ አንተ የሰማኸው ስለ ጠብ ነው። ጠብ ከሆነ ሽማግሌ ይበቃዋል። መድኃኒት ከሆነ ግን እኔ ምን አውቃለሁ? ለመሆኑ አሁን እሷ የት ናት?»

«ነገሩ እስኪበርድ ወደ ጽዳት ክፍል አዛውሬያታለሁ።»

«የመጋዘኑ ቁልፍስ?»

«ቁልፉማ... በእሱ እጅ ነው። ኃላፊው እሱ አይደል?»

«የነገረችህ እሷ መሆኗን ማን ማን ያውቃል?»

ሥራ አስኪያጁ በጣቱ መቁጠር ጀመረና መሐል ላይ ተወው። «ሰው ሁሉ ያውቃል መሰለኝ። ላስታርቃቸው ብዬ ነው እኮ የነገርኳቸው።»

«ለእኔም ነገርከኝ። ልጅቷን በመልክ አላውቃትም፤ ስሟን ግን ይኸው አወቅሁ። የተናገረችውን አንሥተህ፣ የተባለበትን ከነቁልፉ ተውከው። ይህን ያዩ ሌሎች ሠራተኞችህ ከእንግዲህ ምን እንደሚያደርጉ ለመገመት ሐይቅ ዳር መወለድ አያስፈልግም። ምናልባት ኃላፊው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ያንንም ቢሆን የሚነግርህ የመድኃኒቱ ካርቶን ነው፤ የእኔ ምርቃት አይደለም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባቴ? ከእርስዎ ጋር እንዲሆኑ የቀጠርኳቸው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ነገ ይመጣሉ።»

«አመስግነህ መልሳቸው። ዛሬውኑ ቁልፉን ተቀበለው። ከሁለቱም ጋር ዝምድና የሌለው ባለሙያ አምጣና ካርቶኖቹን ይክፈት። እሷን ወደ ሥራዋ መልሳት፤ ከእሱ ሥር ግን አታድርጋት። ከእንግዲህ የሚነግርህ ሰው ቢመጣ፣ ስሙ አንተ ዘንድ ይቅር።»

ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ «ሽምግልናውስ ጨርሶ ይቅር ማለትዎ ነው?» አለ።

«አይቀርም» አሉ መምህር ይርዳው። «አንድ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሰው አለ፤ አያልነሽን ወደ ጽዳት ክፍል የላከ። እሱ ሽማግሌ ካስፈለገው፣ ከዘራዬን ይዤ እመጣለሁ።»