ከባዶ ጎጆዎች የተሳበ ክር

ተረት ልንገራችሁ፤ «ንገረን» በሉኝ። ኧረ እንዲህ አይደለም፣ ጮክ ብላችሁ! ይህን ተረት ባነሣሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ እናንተም ቀዝቅዛችሁ እንድትሰሙኝ አልፈልግም።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ሁሉ አፍ በነበራቸው፣ ጎጆም ክርም በሚናገሩበት ዘመን፣ አንድ ሰፊ አገር ነበረ። አገሩ ከመስፋቱ የተነሣ ማን የት እንደሚኖር የሚያውቅ አልነበረም። ጥርሱን ያመመው ጥርስ ነቃይ ፍለጋ ሲዞር ጥርሱ ራሱ ይወልቅ ነበር። ዘር የፈለገ ዘር ፍለጋ ሲንከራተት ክረምቱ ያልፍበት ነበር።

በአገሩ መካከል፣ መንገዶች ሁሉ በሚገናኙበት ቦታ፣ አንድ ዋርካ ነበረ። በዋርካው ላይ እመት ሸረሪት ትኖር ነበር። እሷም የእንስሳቱን መንከራተት አይታ አዘነች። ጠርታም እንዲህ አለቻቸው፦

«ስሙኝ! ከእንግዲህ ከአንድ ቤት ደግ ነገር ያገኘ ሁሉ፣ ከራሱ ደጃፍ እስከዚያ ቤት ደጃፍ አንድ ክር ይሰር። ክሩን እኔ እፈትላለሁ። ሁሉም ክር በዚህ ዋርካ በኩል ያልፋል። ጠያቂ ሲመጣ ክሮቹን ዳስሼ፣ ብዙ ክር የታሰረለትን ቤት አንደኛ ብዬ እናገራለሁ።»

«እሺ!» አሉ እንስሳቱ። እንዲህም ሆነ። ማር የቀመሰ ለንብ አሰረ። ጉድጓድ የተቆፈረለት ለአዋልዲጌሳ አሰረ። ክር ማለት ምስጋና ነበር። ክር ማለት «እዚህ ቤት ሂዱ፣ እኔን ጠቅሞኛል» ማለት ነበር። እናንተ ዛሬ ስልካችሁን እየነካካችሁ «ማን ይሻላል?» የምትሉት፣ ድረ ገጽ ከድረ ገጽ የሚያያዝበት ነገር፣ ያው የእመት ሸረሪት ድር ነው። አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። ሌብነቱም አዲስ አይደለም!

በዚያ አገር፣ ከገደሉ ሥር፣ እመት ኤሊ የምትባል ወጌሻ ነበረች። የተሰበረ አጥንት ትጠግናለች። የወለቀ መገጣጠሚያ ትመልሳለች። መጀመሪያ ትዳስሳለች፣ ቀጥላ ታዳምጣለች፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ታስራለች። እያነከሰ የገባ እየሮጠ ይወጣል። እየሮጠ የወጣው ግን፣ ከጥቂቱ በቀር፣ ክር ማሰሩን ይረሳል። የዳነ እግር ወደ ኋላ አያይም። እመት ኤሊም «እሰሩልኝ» ብላ አታውቅም።

ከእለታት አንድ ቀን አያ ሸለምጥማጥ ይህን አየ። ጸጉሩ ያማረ፣ ጭራው ቀለበት ቀለበት የሆነ ሸለምጥማጥ። በሕይወቱ አንድ አጥንት ጠግኖ አያውቅም። የሰበረው ግን ብዙ ነው፤ የዶሮ አጥንት። «የተሰበረ ሰው የጠየቁትን ሁሉ ይሰጣል» አለ በልቡ። ቤት ሠራና «ወጌሻ ነኝ» ብሎ ተቀመጠ። አንድ ክር ግን አልነበረውም። ክር ከሌለ ጠያቂ የለም።

ሸለምጥማጥ ተነሣ። መጀመሪያ ወደ ቆቅ ሄደ።

«እት ቆቅ፣ ለእኔ ክር እሰሪልኝ። እኔም ላንቺ አስርልሻለሁ።»

«ለመሆኑ አንተ ምን አደረግህልኝ?» አለች ቆቅ።

«ምንም። አንቺስ ምን አደረግሽልኝ? ምንም። እኩል ነን።»

ቆቅ አሰበች። ነገሩ እኩል መሰላት። አሰረች። ከቆቅ ወደ ጅግራ፣ ከጅግራ ወደ ፍልፈል ሄደ፤ እንዲሁ እያለ ሃያ ቤት አሳሰረ።

ሁለተኛ ወደ ቁራ ሄደ። ቁራ ከተራራው ጫፍ ላይ የሚኖር የተከበረ ሽማግሌ ነው። ሁሉ ስለሚያምነው የእሱ አንድ ክር እንደ ሌላው አሥር ይመዝን ነበር።

«አያ ቁራ፣ እንቁላል ይዤልህ መጣሁ» አለው ሸለምጥማጥ።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«አንዲት ክር።»

ቁራ እንቁላሉን አየ፤ ክሩን አየ። እንቁላሉን ዋጠ፤ ክሩን አሰረ።

ሦስተኛ ሰው ወደማይደርስበት ሸለቆ ወረደ። ሣር አጨደ፣ ጭራሮ ለቀመ። አርባ ጎጆ አቆመ፤ ምድጃ የሌላቸው፣ መኝታ የሌላቸው፣ ነዋሪ የሌላቸው አርባ ጎጆዎች። ከአርባው ጎጆ አርባ ክር ወደ ራሱ ደጃፍ ሳበ።

ክሮቹ ጮኹ። «ወዴት ነው የምትስበን? ማን ነው ያመሰገነህ?»

«ዝም በሉ! እናንተን መቆጠር እንጂ መናገር ማን አዘዛችሁ?» አላቸው።

እመት ሸረሪት በዋርካዋ ላይ ሆና ክሮቹን ዳሰሰች። ቆጠረች። የቁራን ክር እንደ አሥር ስትቆጥር ሰባ ሞሉ። «ጉድ ነው፣ ይህ እንዴት ያለ ወጌሻ ቢሆን ነው!» አለች። አንደኛ አደረገችው።

ሸለምጥማጥ በዚህ አልረካም። ወደ ገደሉ ሥር፣ ወደ እመት ኤሊ ዘንድ መጣ። የመጣበትን ስትሰሙ እናንተም ትቆጣላችሁ።

«እመቴ፣ እንደምን አሉ? ደጅዎ ጭር ብሏል» አላት።

«ጭር ያለው ሰው ስላልተሰበረ ከሆነ ደስ ይለኛል» አለች ኤሊ።

«የለም እመቴ፣ በቂ ክር ስለሌለዎት ነው። እኔ ክር አሳስራለሁ። ከፈለጉ ለእርስዎም በአንድ ሳምንት ሠላሳ ክር አሳስርልዎታለሁ። ዋጋው ያስማማናል።»

«ሠላሳው እነማን ናቸው?»

«እነማን መሆናቸው ምን ያደርግልዎታል? ክር ክር ነው።»

እመት ኤሊ አንገቷን አውጥታ አየችው። «ያላሰርሁት እግር እንዴት ያመሰግነኛል? ሂድ ከደጄ!» አለችው። ሸለምጥማጥ እየሳቀ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ሚዳቋን ነብር አባረራት። ሚዳቋ ሮጠች፣ ሮጠች፣ ቋጥኝ ዘለለች። ስታርፍ የኋላ እግሯ ቀው አለ። ተሰበረ። ከቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ትንፋሿን ዋጠች። ነብሩ አጥቷት አለፈ። ለሚዳቋ እግር ማለት ነፍስ ማለት ነው፤ ጋሻ የላት፣ ጥርስ የላት፣ ያላት እግር ነው። በሦስት እግሯ እያነከሰች ወደ ዋርካው ደረሰች።

«እመት ሸረሪት፣ እግሬ ተሰበረ! ኧረ ወጌሻ ይንገሩኝ!»

እመት ሸረሪት ክሮቿን ዳሰሰች። «አንደኛ አያ ሸለምጥማጥ፣ ሰባ ክር አለው። ሁለተኛ...»

«ይበቃኛል!» አለች ሚዳቋ። ሄደች።

የተሰበረ ሰው ሁለተኛውን ለመስማት ምን ጊዜ አለው? ሁለተኛዋ ጥቂት ክር ብቻ የነበራት እመት ኤሊ ነበረች። እሷን ለመስማት ለሚዳቋ አንድ ስም ብቻ ቀርቷት ነበር።

ሸለምጥማጥ ሚዳቋን ተቀበላት። እግሯን አልዳሰሰም፤ አላዳመጠም። በእርጥብ ልጥ ጠፈረው። እርጥብ ልጥ ሲደርቅ እንደሚኮማተር ሕፃን ያውቃል፤ እሱ ግን አላወቀም። አውቆም ከሆነ ግድ አልነበረውም።

በማግሥቱ ሚዳቋ ተመልሳ መጣች። «አያ ሸለምጥማጥ፣ እግሬ አበጠ።»

«ማበጥ የመዳን ምልክት ነው» አላት።

በሁለተኛው ቀን መጣች። «አያ ሸለምጥማጥ፣ እግሬ ጠቆረ።»

«መጥቆር የመጠንከር ምልክት ነው» አላት።

በሦስተኛው ቀን እየተሳበች መጣች። «አያ ሸለምጥማጥ፣ እግሬ አይሰማኝም።»

«አየሽ! ሕመሙ ለቀቀሽ!» አላት። «ደግሞ ሰባ ክር ካለው ወጌሻ ጋር ትከራከሪያለሽ? ሂጂ፣ ለእኔ ክር እሰሪና ተኚ።» በሩን ዘጋባት።

ሚዳቋ በመንገድ ላይ ወደቀች። ጃርት አገኛት። እግሯን ባየ ጊዜ እሾሁ ሁሉ ቆመ።

«ምነው እቴ፣ እመት ኤሊ ጋ ሳትሄጂ? እኔን እኮ ያዳነችኝ እሷ ናት!»

«እመት ኤሊ ማን ናት?» አለች ሚዳቋ።

ጃርት ደግፎ ወሰዳት። እመት ኤሊ ልጡን ቆርጣ ጣለችው። እግሩን ዳሰሰች። አዳመጠች። ሌት ተቀን አጠበች፣ ቀባች፣ አሸች። የሚዳቋ ሕይወት ተረፈ።

«እመቴ፣ እግሬስ?» አለች ሚዳቋ።

«እግርሽ አይቆረጥም ልጄ። ግን አይታጠፍም። ሦስት ቀን ቀድመሽ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ፣ በወሩ ትሮጪበት ነበር።»

የማይታጠፍ እግር ለሚዳቋ ምኗ ነው? ሚዳቋ አለቀሰች። ኤሊ ግን አላለቀሰችም። ተቆጣች። የኤሊ ቁጣ እንደ እርምጃዋ ነው፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ከመጣ ግን የሚመልሰው የለም። ሰባት ቀን ሙሉ ተጉዛ ዋርካው ሥር ደረሰች። ሚዳቋም እያነከሰች ተከተለቻት።

«ሸረሪት! ውረጂ!» አለች ኤሊ። እመት ሳትላት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ሸረሪት።

«ይህችን እግር እያት! ወደዚያ ሌባ የላክሻት አንቺ ነሽ!»

«እኔ ምን አጠፋሁ? ክሩ ሰባ ነው። ቆጠርሁ። የቆጠርሁትን ተናገርሁ። ውሸት አልተናገርሁም።»

«ቆጠርሽ እንጂ መቼ ጠየቅሽ! ክሩ ከማን ደጅ እንደመጣ አይተሻል? የታመነ አፍ ይዘሽ፣ ጠያቂው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ እየሰማሽ፣ አንድ ቀን እንኳ ወርደሽ አላየሽም!»

ሸረሪት አፈረች። ወረደች። ክሩን ይዛ ቆቅ ደጃፍ ደረሰች።

«ሸለምጥማጥ አጥንትሽን ጠግኖልሻል?»

«ኧረ የለም! እሱ አሰረልኝ፣ እኔም አሰርሁለት» አለች ቆቅ።

ወጥታ ቁራ ደጃፍ ደረሰች። «አያ ቁራ፣ ሸለምጥማጥ አክሞሃል?»

ቁራ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንቁላል አምጥቶልኝ ነበር» አለ፤ ዓይኑንም አዞረ።

ወርዳ ሸለቆው ደረሰች። አርባ ጎጆ ተደርድሯል። «ማን ይኖርባችኋል?» አለች።

«ነፋስ» አሉ ጎጆዎቹ።

«ታዲያ ከእናንተ ቤት ማን ታክሞ ዳነ?»

«እንኳን የሚታከም የሚሰበርም የለብን» አሉ ጎጆዎቹ። «እኛስ መዋሸት አልፈለግንም። የጠየቀን ብቻ ጠፋ።»

ሸረሪት የሸለምጥማጥን ክር ሁሉ በጠሰች። ሸለምጥማጥ እየሮጠ መጣ። ያፈረ እንዳይመስላችሁ!

«ምን አጠፋሁ?» ብሎ ጮኸ። «ብዙ ክር ያለው አንደኛ ነው ያልሽው አንቺ! እኔ ያልሽውን አደረግሁ! ሁሉም የሚያደርገውን አደረግሁ!»

ሚዳቋ ፊቱ ቆመች። የደረቀውን እግሯን ወደ ፊት ዘረጋች። «ይህንንም ቁጠረው» አለችው።

ሸለምጥማጥ ጭራውን አንጠልጥሎ ከአገሩ ወጣ። ተቀጣ ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። ወንዙን ተሻግሮ በጎረቤት አገር «ጥርስ ነቃይ ነኝ» ብሎ ተቀመጠ አሉ። እዚያም ጎጆ ይሠራል አሉ።

ሸረሪትም «ከእንግዲህ ክር የሚታሰረው ነዋሪ ካለው ቤት፣ በተጠቀመ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ እኔም ደጃፍ ደጃፉን ወርጄ አያለሁ» ብላ አወጀች። እንስሳቱ አጨበጨቡ። ሚዳቋ ግን አላጨበጨበችም። በሕዝቡ መካከል ቆማ ጠየቀች፦

«እመት ኤሊ ያዳነችው ማን ነው?»

ጃርት ተነሣ። ጥንቸል ተነሣች። ጉሬዛ ተነሣ። ከመካከላቸው ግማሹ ተነሣ።

«ጃርት፣ ለምን ክር አላሰርህም?»

«ረሳሁ» አለ ጃርት።

«ጥንቸል፣ አንቺስ?»

«ነገ ነገ ስል» አለች ጥንቸል።

«ጉሬዛ፣ አንተስ?»

«የእኔ አንዲት ክር ምን ትጨምራለች ብዬ» አለ ጉሬዛ።

ሚዳቋ ተቆጣች። ድምፅዋ ዋርካውን አንቀጠቀጠው። «እሱ ሐሰት ይዞ ሰባ አሰረ! እናንተ እውነት ይዛችሁ አንድ አላሰራችሁም! እግሬን የሰበረው ቋጥኝ ነው። ያበላሸው ሸለምጥማጥ ነው። የምድንበትን ቤት የደበቃችሁኝ ግን እናንተ ናችሁ!»

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። አንድ በአንድ ተነሥተው ክር ወሰዱ። በዚያች ቀን ብቻ ወደ ገደሉ ሥር የታሰረው ክር ከሰባው በለጠ። ማንም አልተለመነም፤ ለማንም እንቁላል አልተሰጠም። እመት ኤሊ አንደኛ ሆነች። ሚዳቋ ግን ዳግመኛ አልሮጠችም። ነብር የማይገባበት እሾህ ፈልጋ፣ በዚያ ውስጥ ኖረች።

ተረቴ አለቀ፤ ቁጣዬ ግን አላለቀም። እናንተ ጠያቂዎች፣ የክሩን ብዛት ትታችሁ ያሰረውን እወቁ። እናንተ የተጠቀማችሁ፣ አፍ አላችሁና መስክሩ። ደጉ ሥራ ዝም ከተባለ፣ አንደኛ የሚወጣው ውሸት ነው።