ለሁለት ሰው አንዲት አህያ

ጠጋ በሉማ ልጆቼ። ግራዝማች ይመር የሚባሉ ባለጸጋ ነበሩ። ግቢያቸው ሰፊ፣ አገልጋያቸው ብዙ ነው፤ የጭነት አህያቸው ግን አንዲት ብቻ። ውሃ የሚቀዳው ዘለቀና እንጨት የሚያመጣው ይርዳው በእሷ የተነሳ ጧት ጧት ይነታረካሉ። አንዱ ጆሮዋን፣ አንዱ ጭራዋን ይዞ ይጎትታል። እኔስ የማዝነው ለአህያይቱ ነው።

ግራዝማች እንቅልፍ ቢነሷቸው ሁለቱንም አቆሙና እህል ፈጪዋን አስጠሩ። ይቺ ሴት፣ ምን ልበላችሁ፣ ምላሷ ከወፍጮዋ የፈጠነ ነበረች።

«አንቺ በየጧቱ ታዪያቸዋለሽ። ጥፋተኛው ማን ነው? ስሙን ጥሪ፣ ዛሬውኑ ይባረራል። አልጠራም ካልሽ የምትባረሪው አንቺ ነሽ» አሏት።

ሁለቱም ልጆች ያሏቸው ናቸው፤ እሷም ከዚያ ከወጣች የምትገባበት የላት። ትንሽ መሬት መሬት አየችና፣ «ጌታዬ፣ ከእመቤቴ ጋር በበቅሎ ተጣልተው ያውቃሉ?» አለች።

«ምን ያጣላናል? እሷ የራሷ አላት፣ እኔም የራሴ።»

«እንግዲያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ለሁለታችሁ አንዲት በቅሎ ብቻ ያስጭኑ። ስትመለሱ ከእናንተ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ይንገሩኝ፤ እኔም ያን ጊዜ የእነዚህን እነግርዎታለሁ።»

ይኼኔ እመቤቲቱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው፣ «ኧረ እስከ እሑድ አያቆዩን፤ ሌላ አህያ ይገዛ» አሉ።

ተገዛ። ዘለቀና ይርዳውም ከዚያ ወዲያ ቢጣሉ ቢጣሉ፣ የማን አህያ ታምራለች ብለው ነው።