የባዝራዋ ጥቅልል ጋማ

ተረት ተረት ስላችሁ፣ የላም በረት በሉኝ። አንዲት ባዝራ ነበረች፤ እስክስታ ስትወርድ አንገቷ ውስጥ አጥንት ያለ አይመስልም። የእንስሳት ድግስ ሲደርስ ግን የጭፈራው አለቃ ጭላዳ ከፊት አላቆማትም።

«ጋማሽ ዞማ ነው። ከፊት የሚቆም እንደ በጊቱ ፀጉሩ የተጠቀለለ ነው» አላት።

ባዝራ ተቃጠለች፤ ጭፈራው ግን በለጠባት። ጋማዋን በሸምበቆ ጠቅልላ፣ በጭቃ ለቅልቃ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሳትነቃነቅ ቆመች። ጋማዋ ተጠቀለለ።

በድግሱ ዕለት ጭላዳ ከፊት አቆማትና፣ «እሰይ! እንዳይፈታ ግን አንገትሽን እንዳትነቀንቂ» አላት።

«ታዲያ በምኔ ልጨፍር? በጆሮዬ?» ብላ እንደ ልማዷ ወረደችው። የደረቀው ጭቃ ተፈርፍሮ ጭላዳ ዓይን ውስጥ ገባ፣ ጋማዋ ተዘረጋ፣ እልልታው ቀለጠ።

በዓመቱ ጭላዳ በጊቱን ከፊት ገፍቶ አስወጣት። «ዘንድሮ ከፊት የሚቆም እንደ ባዝራ ዞማ ያለው ነው!»

በጊቱ አለቀሰች። «እትዬ ባዝራ፣ ምን ይሻለኛል? እንዲዘረጋ ድንጋይ ላንጠልጥልበት?»

ባዝራ ጭላዳን ከላይ እስከ ታች አየችውና በጊቱን አስከትላ ወጣች። ጨፋሪው ሁሉ ተከተላቸው። ጭላዳ ከበሮውን ታቅፎ ቀረ።

እኔም በዚሁ አበቃሁ፤ የአፌን ዳቦ ለባዝራዋ ስጡልኝ።