የዝንጀሮ ሠላሳ እፍኝ

ዱሮ፣ በጣም ዱሮ፣ እንስሳት አርሰውና ዘርተው በሚበሉበት ዘመን፣ ስሟን ማንም በማያስታውሰው አገር፣ አያ ዝንጀሮና እመት ጃርት ጎረቤታሞች ነበሩ። የሚለያቸው አንድ የጭራሮ አጥር ብቻ ነበር።

አንድ ክረምት ተጋግዘው የፈንዲሻ በቆሎ ዘሩ። ዝንጀሮ ቆፈረ፣ ጃርት አረመች፤ በቆሎው ደርሶ ተፈለፈለና አንድ አንድ እንቅብ ሙሉ ተካፈሉ። አንድ እንቅብ ስድስት ቁና ይይዛል።

"እንግዲህ አያ ዝንጀሮ፣" አለች ጃርት፣ "የሚበላውን እንብላ፤ የሚዘራውን ግን እንዳንነካ። ዘር የሌለው ለከርሞ የሚቀምሰው የለም።"

"እኔን ነው የምትመክሪው?" አለ ዝንጀሮ። ዓይኑ ግን የእሷ እንቅብ ላይ ነበር። የእሷ አናቱ ላይ ትንሽ ሾል ያለ መስሎት ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከዚያም በኋላ ከእንቅቡ አንዲት ፍሬ ሳይነካ ሥራሥር ሲግጥ ከረመ። ለምን ቢሉ፣ የእሷ ቀድሞ ሲያልቅ ለማየት ነዋ!

አንድ ቀን አጥሩ ሥር ፀሐይ ሲሞቅ፣ ጃርት በልታ የተረፋትን ስትሰፍር ሰማ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቁና!"

የዝንጀሮ ጆሮው ቆመ፣ ሆዱ ነደደ፣ እግሩ ተነሣ። "እኔ አንድ፣ እሷ አራት?" ብሎ አጥሩን ዘሎ ገባ።

"እመት ጃርት፣ እንለዋወጥ። የኔን አንድ እንቅብ ውሰጂና አራቱን ቁና ስጪኝ።"

ጃርት ደነገጠች። "ኧረ አያ ዝንጀሮ፣ እንቅብና ቁና መቼ እኩል ሆነ? ያንተ እንቅብ ቢሰፈር ስድስት ቁና ነው። ትጎዳለህ።"

"አዬ ብልጥ! አራት ከአንድ እንደሚበልጥ ጡት ያልጣለ ግልገል ያውቃል።"

"እንግዲህ ነግሬሃለሁ።"

"ስጪኝ አልኩሽ!"

ሰጠችው። ያን ቀን ዝንጀሮ እየዘፈነ አንዱን ቁና ቆርጥሞ ጨረሰ፤ ሦስት ቀረው።

ሌላ ቀን ጃርት ለእህቷ የምትልከውን ስትሰፍር ድምፅዋ አጥሩን አልፎ መጣ። "ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ እፍኝ!"

የዝንጀሮ ጆሮው ቆመ፣ ሆዱ ነደደ፣ እግሩ ተነሣ።

"ሦስቱን ቁናዬን እንኪ፣ ሠላሳውን አምጪ!"

ጃርት ሁለት እጆቿን ገጥማ አሳየችው። "እፍኜን እየው እስቲ! ሠላሳውም ተደምሮ ግማሽ ቁና አይሞላም።"

"ሠላሳ ሠላሳ ነው! እጅሽን ማን ጠየቀሽ?"

"ኤዲያ!" አለች ጃርት። ሠላሳውን እፍኝ ሰጠችው፤ እሱም እየዘፈነ ሄደ።

ደመናው ሲከብድና የዘር ጊዜ ሲደርስ ለዝንጀሮ የቀረው ሃያ እፍኝ ነበር። "ይህችን አልነካትም፤ ዘሬ ናት" ብሎ ማለ። ገና ምሎ ሳይጨርስ ከጃርት ቤት ጣ! ጣጣ! ጣ! የሚል ድምፅ ተሰማ። በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀ። ጃርት አምስት እፍኝ በቆሎ ድስት ውስጥ ጨምራ ቆላች፤ ከድስቱ የወጣው ነጭ ክምር ግን እንቅቡን ሞልቶ ይፈሳል።

የዝንጀሮ ጆሮው ቆመ፣ ሆዱ ነደደ፣ እግሩ ተነሣ።

"እንኪ ሃያውን! ያንን እንቅብ ስጪኝ!"

"ኧረ ዘርህ ነው አያ ዝንጀሮ!" ጃርት በሁለት እጇ ከለከለችው። "ይሄ ያው አምስት እፍኝ ነው፤ እሳት ነፋው እንጂ አልጨመረበትም። አንሣውና እየው፣ እንደ ላባ ነው። ደግሞ አንዴ የፈነዳ ተመልሶ ፍሬ አይሆንም።"

"ምቀኛ! እንቅብ ሙሉ ዘር ሲኖረኝ ማየት አቅቶሽ ነው!"

ጃርት ሃያውን እፍኝ ተቀበለች። እንቅቡን ገፋ አደረገችለት።

ዝናቡ መጣ። ጃርት ዘራች። ዝንጀሮም ፈንዲሻውን በየትልሙ በተነ። ግማሹን ነፋስ ወሰደው፣ ግማሹን ርግብ ለቀመው፣ አፈር ያገኘው ሻገተ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጃርት ማሳ አረንጓዴ ሲለብስ የዝንጀሮ ማሳ ጭቃ ብቻ ሆነ። ዝንጀሮ ጭቃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። "ለከርሞ ምን ልበላ ነው?"

ጃርት አንጀቷ አልችል አለ። ሁለት ቁና በቆሎ ሰፍራ አመጣችለት። "እንካ፤ ዝናቡ ሳያባራ ዝራ።"

ዝንጀሮ ሁለቱን ቁና አቀፈ። እንባው ሳይደርቅ ግን ዓይኑ ወደ ጓዳዋ ሾለከ።

"ለአንቺስ... ስንት ቀረሽ?"

ጃርት እጓዳዋ ያለውን ሙሉ እንቅብ አሰበች። ቀጥላ እሱን አየችው።

"አንድ" አለች።

"አንድ ብቻ?"

"አንድ ብቻ።"

የዝንጀሮ ፊት በራ። "ሁለት ለአንድ! ሁለት ለአንድ!" እያለ ጨፈረ፤ ሲዘራም ይህንኑ ሲዘፍን ዋለ። "አንድ ምን?" ብሎ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ተረቴን ለዘር አስቀምጡት እንጂ አትቁሉት። ቀናተኛ ቁጥሩን ይሰማል እንጂ መስፈሪያውን አይጠይቅም።