የደምሌና የአንጓች ጥድ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት ካላችሁኝ፣ በረታቸው ባዶ የቀረባቸውን የሁለት ሰዎች ነገር ልንገራችሁ። ጠጋ በሉ።

ከብዙ ዘመን በፊት፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች አንዲት መንደር፣ ደምሌ የሚባል ገበሬና አንጓች የምትባል ሚስቱ ይኖሩ ነበር። አምስት ልጅ ወልደው አራቱን ቀበሩ። የቀረችውን ትቆየኝ አሏት።

ትቆየኝ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ጭራሮ ልትለቅም ወደ ገደሉ ወጣች። ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ስንዝር የምታክል ጥድ አገኘች። ከነሥሯ አውጥታ አመጣቻትና በተሰበረ ጋን ቂጥ ውስጥ ተከለቻት። «እማዬ፣ ይሄ የእኔ ነው» አለች። በዚያው ክረምት ንዳድ ያዛት። በአራተኛው ቀን ሞተች።

ደምሌ ጥዱን ከቤቱ ጀርባ መሬት ላይ ሊተክለው ተነሣ። አንጓች እጁን ያዘችው።

«እሷ ከተከለችበት አይነቀል» አለች።

«ታዲያ በዚህ ገል ውስጥ እንዴት ያድጋል?»

«አይደግ። ይኑር ብቻ።»

ጥዱ ኖረ። ደምሌ አያያዙን ከራሱ ከጥዱ ተማረ። ጠዋት ጠዋት ጣቱን አፈሩ ውስጥ ይከታል፤ ደርቆ ሲያገኘው ያጠጣዋል፣ ረጥቦ ሲያገኘው ይተወዋል። የረዘመውን ጫፍ በጥፍሩ ይቀነጥባል። ቅርንጫፉን በልጥ አስሮ ወደ ታች ያጎነብሰዋል፤ ልጡ ቅርፊቱን ሳይበላው ይፈታዋል። በየሦስት ዓመቱ ከጋኑ አውጥቶ ሥሩን ይከረክምና አዲስ አፈር ከጠጠር ጋር ቀላቅሎ መልሶ ይተክለዋል። ፀሐይም ነፋስም የሚያገኘው ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል።

ሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ጥዱ ከክንድ አልበለጠም። ግን ግንዱ ተጠማዘዘ፣ ቅርፊቱም ተሰነጣጠቀ፤ ያየው ሰው የደብሩን ትልቅ ጥድ ከሩቅ ያየ ይመስለው ነበር። አንጓች ከገበያ ስትመለስ አጠገቡ ትቀመጥና የዋለችበትን ታወራለታለች። ከባሏ በቀር ሌላ የሚሰማት አልነበረም።

የዚያ አገር ገዥ ፊታውራሪ ጠንክር ይባላል። ያየውን ሁሉ የሚመኝ፣ የተመኘውን ሁሉ የሚወስድ ሰው ነበር። አንድ ቀን በመንደሯ ሲያልፍ ጥዱን አየና በቅሎውን አቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥድ ነው ጌታዬ» አለ ደምሌ።

«ስጠኝ።»

«የልጄ ነው ጌታዬ።»

«ልጅህ የታለ?»

«ሞታለች።»

«እንግዲያ ባለቤት የለውም» አለ ፊታውራሪ ጠንክር።

አሽከሮቹ ጥዱን አነሡ። አንጓች ጋኑን አቅፋ አልለቅም አለች።

«ከነሴትዮዋ አምጡት» አለ ገዥው። «እሷ እህል ትፍጭ። አንተም እየመጣህ ጥዱን ታያለህ። ጥዱ የደረቀ ዕለት የሚስትህም ዕለት ነው።»

ፊታውራሪ ጠንክር ጥዱን አዳራሹ ውስጥ፣ ከአልጋው አጠገብ አስቀመጠው። ደምሌ መጥቶ አየና መሬት ስሞ ለመነ።

«ጌታዬ፣ ጥድ የደጅ ነው። ፀሐይና ነፋስ ካላገኘ አይኖርም።»

ፊታውራሪ ጠንክር ሳቀ። «የእኔ የሆነ ነገር ደጅ አያድርም» አለ።

በሳምንቱ ደምሌ ተመልሶ መጣ። ሦስት አሽከሮች በየተራ ውሃ ሲያፈሱበት አገኘ። አፈሩ ጭቃ ሆኗል።

«ጌታዬ፣ ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩ ደረቅ ሲል ብቻ ነው የሚጠጣው።»

ፊታውራሪ ጠንክር ሳቀ። «በእኔ ቤት ማንም አይጠማም» አለ።

በሌላው ሳምንት ደምሌ ተመልሶ መጣ። ገዥው መቀስ ይዞ ቆሟል። ጥዱን የአንበሳ መልክ ሊያወጣለት ነው።

«ጌታዬ፣ ጥድ እንደ ሌላው ዛፍ አይደለም። ቅጠሉን ጨርሰው ከላጩት ቅርንጫፍ መልሶ አያቆጠቁጥም።»

ፊታውራሪ ጠንክር ሳቀ። ከዚያም ቆረጠ። ሆዱን ቆረጠ፣ ወገቡን ቆረጠ፣ ጎፈሬ የሚመስል ቅጠል ከላይ ብቻ ተወለት።

በአራተኛው ሳምንት ደምሌ ሲመጣ አዳራሹ ውስጥ ማንም አልነበረም። የግንዱን ቅርፊት በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። በሕይወት ያለ ጥድ ከቅርፊቱ ሥር እርጥብና አረንጓዴ ነው። ይሄ ደረቅ ነበር። ቅርንጫፉን ፋቀ። ደረቅ ነበር። ዝቅ ብሎ ሥሩ አጠገብ ፋቀ። ደረቅ ነበር።

ጥድ ሲሞት ወዲያው አያስታውቅም። ቅጠሉ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። በዚያ ግቢ ይህን የሚያውቅ ደምሌ ብቻ ነበር።

ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ተቀመጠ። ቢያለቅስ ምን ሆንክ ይሉታልና አላለቀሰም። ከማዶ የወፍጮ ድምፅ ይሰማል፤ አንጓች እየፈጨች ነው። ቅጠሉ የገረጣ ዕለት ያ ድምፅ እንደሚቆም ያውቃል። ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ገዥው ገባ።

«ጌታዬ፣ አንበሳው አምሮበታል» አለ።

«አላልኩህም?»

«እንዲህ ያለ ነገር ግን የንጉሥ ነው። ንጉሡ ቢያዩት ይህን ያደረገ ሰው ፊታውራሪ ሆኖ አይቀርም ይላሉ።»

ፊታውራሪ ጠንክር ጢሙን አሻሸ። «ማን አሳደገው ብለው ቢጠይቁኝስ?»

«እኔማ ተራ ገበሬ ነኝ ጌታዬ። የእኔ ስም በንጉሥ ፊት ምን ያደርጋል?»

«እውነት ነው። እኔ በእጄ አሳደግሁት እላለሁ።»

«ጥዱ ወደ ንጉሡ ከሄደ ታዲያ ሚስቴ ለምን ትያዛለች? አሮጊት ናት፣ እህል ትጨርሳለች።»

ገዥው ሐሳቡ ቤተ መንግሥት ደርሶ ነበር። «ውሰዳት» አለ።

ባልና ሚስት ወደ መንደራቸው ሲሄዱ አንጓች ጠየቀች።

«ጥዱን መቼ ይመልሱልናል?»

«አይመልሱልንም።»

«ለምን?»

«ሞቷል አንጓች።»

«አረንጓዴ ነው እኮ። ዛሬ ጠዋት በበሩ አይቼዋለሁ።»

«አረንጓዴ ነው። ግን ሞቷል።»

አንጓች መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። «ትቆየኝም ስንገንዛት መልኳ አልተለወጠም ነበር» አለች። ቀና ብላም «ሬሳውን ሰጠሃቸው?» አለችው።

«አንቺን አወጣሁበት» አለ ደምሌ።

ብድግ አለች። እስከ ቤታቸው ድረስ ከኋላው ሄደች እንጂ አብራው አልሄደችም።

ፊታውራሪ ጠንክር ጥዱን በሐር ጨርቅ አስጠቅልሎ ንጉሡ ዘንድ ገባ። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህን ከዘሩ ጀምሬ በእጄ አሳደግሁት፤ ከእኔ በቀር የነካው የለም» አለ። ንጉሡ ተደሰቱ። ራስ ሊያደርጉት ቀን ቆረጡ።

ቀኑ ሳይደርስ አንበሳው ገረጣ። ከዚያ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቅጠሉ ምንጣፉ ላይ ረገፈ። ንጉሡ የአትክልት ጠባቂያቸውን አስጠሩ። ሽማግሌው ግንዱን ፋቀ፣ ሥሩን አሸተተ።

«እዚህ የሞተ አይደለም» አለ። «ሞቶ ነው የመጣው። ሥሩ በውሃ በስብሷል፤ ቅጠሉንም የማያውቅ እጅ ጨርሶታል።»

«ሕይወት መስሎኝ ሬሳ ሳስጠብቅ ሰነበትሁ» አሉ ንጉሡ። «ማን ነው የገደለው?»

ፊታውራሪ ጠንክር መሬት ላይ ተደፋ። «የእኔ አይደለም። ደምሌ ከሚባል ገበሬ ነው የወሰድሁት» አለ።

«ከአንተ በቀር የነካው የለም አላልህም? ያን ጊዜ ዋሽተኸኛል፣ ወይም አሁን እየዋሸኸኝ ነው።»

ሹመቱን ገፈው በሰንሰለት ወደ አምባ ሰደዱት። ከዚያም አልወረደም።

ንጉሡ ነገሩን አስጠይቀው እውነቱን ሲሰሙ መልእክተኛ ወደ ደምሌ ላኩ። መልእክተኛው ጥማድ በሬ ከነቀንበሩ ይዞ መጣ። «ከወንዙ ወዲህ ያለው መሬት ለእናንተ ነው። ንጉሡም ከገደሉ ሌላ ጥድ መርጣችሁ እንደዚያው አሳድጉ ብለዋል» አለ።

ደምሌ እጅ ነሣ። የመለሰችው ግን አንጓች ናት።

«ንጉሡን እግዜር ይስጥልን በላቸው። ያንን ጥድ ለማሳደግ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። ባሌ ሰባ አልፎታል፤ እኔም ብዙ አልቀረኝም። መሬቱንም ቢሆን ማን ይወርሰዋል?»

መልእክተኛው በሬዎቹን ከደጃቸው አስሮ ሄደ።

ልጆቼ፣ የቀደሙት ሰዎች «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብለዋል። ልክ ናቸው፤ ጠንክርን መከራ መከረው። መከራ ሲመጣ ግን መካሪውን ለይቶ አያልፍም።

ተረቴን ተረከቡኝ፣ ጉሮሮዬን በውሃ አርሱልኝ።